የሚስቴን ነጥብ ተከትዬ እስከ ቴፒ

ወደ ቴፒ የሚሄድ ሰው ምን ልታደርግ ነው ሲሉት ወይ ቡና ይላል፣ ወይ ተዛውሬ ነው ይላል፣ ወይ ዘመድ አለኝ ይላል። እኔ መንገድ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሚስቴን ልጠይቅ ነው» ስል ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉውን ግን አልተናገርኩም። ቀንቼ ነው የሄድኩት። ቅናት እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ምግብ አስጠልቶኝ፣ አለቃዬን ፈቃድ አስለምኖኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ያንን አገር ላታዩት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ መንገዱንም፣ ያደርኩበትንም፣ የበላሁትንም እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ። ከቅናቴም አልደብቅም።

ሥራዬ አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ነጥብ እጠብቃለሁ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ከባድ መኪና ናት። ሾፌሩ ከመንገድ ወጣ ብሎ ከቆመ እደውልለታለሁ። «ምሳ እየበላሁ ነው» ካለኝ «እዚያ ቦታ ምግብ ቤት የለም» እለዋለሁ። ሾፌሮቹ አይወዱኝም፤ እኔም እንዲወዱኝ አልተቀጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ በዚህ አባባል እንጀራዬን እበላለሁ።

ባለቤቴ ጽዮን የግብርና ባለሙያ ናት። ከሸኮ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የቡና እርሻ ሥራ አገኘችና ሄደች። ስትሄድ አዲስ ስልክ ገዛሁላት። ከመስጠቴ በፊት ግን መኪኖቹን የምከታተልበትን ዓይነት ፕሮግራም ጭኜበት ነበር። አልነገርኳትም። ለደህንነቷ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አመነኝ።

መጀመሪያ ላይ ነጥቧን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ከቴፒ ትነሳለች፣ እርሻ ትገባለች፣ ማታ ትመለሳለች። በኋላ ግን አንዳንድ ቀን ነጥቧ ጫካ ውስጥ መንሸራሸር ጀመረች። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደዚያ አይሄድም። ትንሽ ራመድ ትልና ወንዝ ዳር ቁጭ፣ ደግሞ ተነስታ ዞር ዞር፣ ደግሞ ጥላ ሥር ቁጭ። ማታ ስደውል «ዛሬ ለቅሶ ነበረብን፤ ሸኮ ዋልኩ» ትለኛለች። ነጥቧ ሸኮን አልረገጠችም! አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ብደውል የወንድ ድምፅ አነሳው። «ሄሎ፣ ጽዮን የለችም» አለና ዘጋው። ማታ ስጠይቃት «የሥራ ባልደረባ ነው፣ ስትመጣ እነግርሃለሁ» ብላ ወሬ ለወጠች። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ፤ ከዚያ ቲኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ

ከአዳማ ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ። የእኛ ከተማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ፊቴ ላይ በትኖ ሸኘኝ። አዲስ አበባ ላይ የጅማ አውቶቡስ ያዝኩና ከሾፌሩ በስተኋላ ተቀመጥኩ። ከመስታወቱ በላይ ሾፌሩን የምታይ ትንሽ ካሜራ ተገጥማለች፤ ሾፌሩ የሹራብ ኮፍያውን አውልቆ ካሜራዋን አለበሳት።

«ይቻላል እንዴ?» አልኩት። አላስቻለኝም።

«ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው» አለኝ፤ አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የዚህን አውቶቡስ ነጥብ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ይሆናል፤ ለእሱ አዘንኩ።

ወልቂጤ ምሳ በላን፤ ክትፎው ጥሩ ነው አሉ፣ እኔ ግን ስልኬን ሳይ ቀዘቀዘብኝ። ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ አዳማ ስለሆነ ትንሽ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። ጅማ ገብቼ አልጋ ያዝኩ። ጽዮን ቴፒ ነበረች፤ ማለቴ ነጥቧ። ደወልኩላትና እየመጣሁ መሆኑን ሳልነግራት «ደህና እደሪ» አልኳት። ድምፅዋ ውስጥ ሌላ ሰው ልሰማ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ጎረቤቷ ቤት ከሚጮኸው ቴሌቪዥን በቀር አልሰማሁም።

ዓርብ

ከጅማ ወደ ቦንጋ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን። ይህን አረንጓዴ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እኛ አዳማ ላይ አንዲት ችግኝ እንድትጸድቅ ውሃ በቦቴ እናመላልሳለን፤ እዚያ ለአጥር የቆመ እንጨት ሳይለምኑት ቅጠል ያወጣል። በአጥሩም ቀናሁ። ሰው ሲቀና ዕቃ አይመርጥም።

ሸዋ ቤንች ሳንደርስ ከተራራው የተናደ ጭቃ መንገዱን ዘግቶ ቆየን። ወርደን አውቶቡሱን ገፋን። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረና በካልሲ ቆምኩ። አንዲት ሙዝ የተሸከሙ ሴት እስከ ክንዳቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው ጫማዬን አወጡልኝ፤ አጥበው ሰጡኝና ሙዝም ጨመሩልኝ። ልክፈል ብላቸው እምቢ አሉ። አዳማ መናኸሪያ አንድ እግር ጫማው የጠፋበት ሰው ሌላኛውንም ይጠብቅ ነው የሚባለው።

ሚዛን እንደገባን ባጃጅ ይዤ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ አንድ ፔንሲዮን አገኘሁ። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ አባታቸው ከጎጃም የመጡ መምህር ነበሩ። ገና ቁልፍ ሳይሰጡኝ ስልካቸው ጮኸ።

«አቤት ልጄ። አዎ፣ አየሁት። እሺ።» ዘግተው ወደኔ ዞሩ። «ልጄ ነው፣ ሐዋሳ ነው ያለው። እንግዳው እግሩ ርሷል፣ አስቀምጪውና ሻይ ስጪው ይላል።»

ቀና ብዬ ሳይ ግድግዳው ላይ ካሜራ አለ። ልጃቸው ሐዋሳ ሆኖ የእናቱን ደጅ ያያል። እሳቸው ለካሜራው እጃቸውን አወዛወዙለት።

«አይከብድዎትም? ሁልጊዜ እየታዩ?»

«ሲከብደኝ ፎጣ ጣል አደርግበታለሁ። ያኔ ደውሎ ያኮርፋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ልረፍ እለዋለሁ፣ እሺ ይላል።» የዝንጅብል ሻይ አቀረቡልኝ፤ የሟች ባላቸውን የሱፍ ካልሲም አመጡልኝ። «እሱ እንደሚያየኝ ስለማውቅ እኮ ነው ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን የምሠራው።»

እዚያው ቁጭ ብዬ በማላውቀው የሐዋሳ ልጅ ቀናሁ። እሱ ሲያይ እጅ ያወዛውዙለታል።

ቅዳሜ

ጠዋት ነጥቧ እርሻው ውስጥ ነበረች። ሚዛን ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሸኮን አልፌ፣ እርሻው በር ሳልደርስ «ወራጅ!» አልኩ። ጥበቃ ጠይቆኝ፣ ወንበር ሰጥቶኝ፣ እሷን ካስጠራልኝ የማየው ነገር አይኖርም። እኔ መድረስ የፈለግሁት ሳይታወቅ ነው። በእግር መንገዷ ገባሁና በአንድ እጄ ስልኬን፣ በአንድ እጄ ቦርሳዬን ይዤ ጫካው ውስጥ ሄድኩ። ቡናው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ቀዩ እሸት ከቅጠሉ ይበልጣል። ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነገር ነበር፤ እኔ ያየሁት ግን ሁለት ነጥቦችን ነው፣ የእኔ ሰማያዊ፣ የእሷ ቀይ። ሊነካኩ ትንሽ ሲቀራቸው የወንድ ዘፈን ሰማሁ።

ደሜ ፈላ። አውቶቡስ ላይ ከቦንጋ ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። «ይኸው መጣሁልህ» ብሎ የሚጀምር ነው። ሮጥኩ። ስሮጥ መሬቱን አላየሁትም፤ የጉንዳን ሠልፍ መሃል ገብቼ ቆሜ ኖሯል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን፣ ከዚያ የማይነገረውን። ጮህኩ።

አንድ ረጅም መልከ መልካም ወጣት ቅርጫት ታቅፎ እየሮጠ መጣ። «ሱሪዎትን! ጋሼ፣ ቶሎ ሱሪዎትን ያውልቁ!»

አወለቅሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ተንበርክኮ ከእግሬ ላይ ጉንዳኖቹን አንድ በአንድ ነቀለልኝ። ሱሪዬን አራግፎ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፤ የዝናብ ልብሱን ሰጠኝና ወገቤ ላይ አሰርኩት።

«ማን ልበል፣ ጋሼ?»

«የጽዮን ባል ነኝ» አልኩ። ያ ሁሉ ያጠናሁት ንግግር በውስጥ ሱሪ አይነገርም።

ፊቱ በራ። «ጋሽ ደረጀ! ኧረ እንኳን ደህና መጡ! ማርቆስ እባላለሁ፣ ካቦ ነኝ። እሷ ስለርስዎ አውርታ አትጠግብም።» ካቦ ማለት የለቃሚዎች አለቃ ነው። ድምፁን አወቅሁት፤ «ጽዮን የለችም» ያለኝ ድምፅ ነው።

«የት ናት?»

«ሸኮ፣ ለቅሶ። ሁሉም ሄደዋል፤ የአንዱ ካቦ አክስት አርፈው።» ከዚያ ዙሪያውን አየት አደረገ። «በየት ገቡ? ማን አሳየዎት?»

«ሰው አሳየኝ» አልኩ። ነጥቧ እዚህ ናት፣ እሷ ሸኮ ናት ይላል! ይህን እያልኩ ቅርጫቱን አየሁት። እንደ እንቁላል በኮባ ቅጠል ተለይተው የተደረደሩ ስልኮች ናቸው። የእኔ ስጦታ ሰማያዊ ልብሷን ለብሳ መሃል ላይ ተኝታለች።

ማርቆስ ሳያፍር ነገረኝ። እርሻው የባለሙያዎቹንና የካቦዎቹን ስልክ ከቢሮ ሆኖ ይከታተላል። አንዱ ስልክ ከእርሻው ከወጣ ወይም አንድ ቦታ ብዙ ከቆመ ቀይ ይሆናል፤ ሰዓት ተቆጣጣሪው ይደውላል። ለለቅሶ የሚፈቀደው ለእናት፣ ለአባትና ለልጅ ብቻ ነው።

«እዚህ አገር ደግሞ ጋሼ፣ የጎረቤት ለቅሶ ያልደረሰ ቀባሪ አያገኝም። ድሮ ከብት በተራ እንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ የኔ፣ ነገ የጎረቤት። አሁን ስልክ ሆነ። ዛሬ የኔ ተራ ነው። ትንሽ አስግጣቸዋለሁ፣ ወንዝ ላይ አሳርፋቸዋለሁ፣ ደግሞ አስነሳቸዋለሁ።»

ሳቅ መጣብኝ፤ እንባም መጣብኝ። ስንት ቀን አዳማ ላይ ጥርሴን ነክሼ ያየሁት ሽርሽር ይህ ነው። በሙያዬ ይህ ማጭበርበር ይባላል፤ ሾፌር ቢያደርገው አስባርረዋለሁ። ያን ሰዓት ግን ማርቆስን ጉንጩን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ቅርጫቱን እያየሁ ሌላ ቅናት ያዘኝ፣ ከፊተኛው የባሰ። እነዚህ ሰዎች ስልካቸውን ሳይዘጉ፣ ሳይቆልፉ አንድ ቅርጫት ውስጥ ጥለው ይሄዳሉ። እኔ ስልኬን ይዤ ነው ገላዬን እንኳ የምታጠበው። ጽዮን ይህን ልጅ እንዲህ ካመነችው እኔን ምን ያህል ታምነኝ ነበር?

ማርቆስ ምሳውን ወንዝ ዳር ትቶት ስለነበር ሊያመጣልኝ ተነሳ። «ወዲህ ወዲያ ይበሉባቸው፣ እንዳይቆሙ» ብሎ ቅርጫቱን ሰጠኝ። እኔ፣ የነጥብ ጠባቂው፣ በዝናብ ልብስ ሽርጥ ለብሼ ስልክ ማስጋጥ ጀመርኩ። በዚህ መሃል የጽዮን ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። አነሳሁት።

«ማርቆስ፣ እኔ ነኝ፣ በሰው ስልክ ነው። ባሌ ደውሎ ነበር?» ጽዮን ናት። ከኋላዋ የአልቃሾች ድምፅ ይሰማል። «ከደወለ እባክህ እንዳታነሳ። ባለፈው አንስተህ ሳምንት ሙሉ ነው ያኮረፈኝ፤ ምግብም አልበላ ብሎኝ ነበር፣ አንጀቴን ነው የበላው።»

«እኔ ነኝ፣ ጽዮንዬ» አልኳት።

«ማን?»

«ደረጀ። ልጠይቅሽ መጥቼ ነው።»

እልል አለች፤ ለቅሶ ላይ መሆኗን ረስታ። «ደሬ! መጣህ? የኔ ጌታ! ሳትነግረኝ?» ከዚያ ከአልቃሾቹ ራቅ አለች፤ ድምፃቸው ቀነሰ። «እዚያ ቦታ እንዴት ደረስክ?»

«ሰው አሳየኝ።»

«ማን ሰው? ዛሬ ማርቆስ በየት እንደሚውል እኛም አናውቅም። ጠዋት ራሱ ነው የሚመርጠው። ደሬ፣ ማን አሳየህ?»

ማርቆስ የተጠበሰ ጎደሬና ማር በኮባ ቅጠል ይዞ ሲመለስ ስልኩ ተዘግቶ ነበር። «ይብሉ እንጂ ጋሼ» እያለ ደጋግሞ አጎረሰኝ። ጎደሬ ከእኛ ድንች ይጠነክራል፣ ከማር ጋር ሲሆን ደግሞ ግሩም ነው አሉ። እኔ ጣዕሙን አላስታውሰውም።

እሑድ

ቴፒ ሞቃት ናት፤ እንደ አዳማ ላብ ታስወጣለች፣ አቧራና ነፋስ ግን የላትም። ጽዮን የተከራየችው ክፍል ደጅ ላይ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ቅዳሜ ማታ ስትቀበለኝ አቅፋ ሳመችኝ፤ ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ፣ ጉንዳን የነከሰኝን ቅቤ ቀባችልኝ። ስለ ስልኩ ግን አላነሳችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከተማውን አዞረችኝ። በየደረስንበት «ባለቤቴ ነው፣ ከአዳማ ድረስ መጥቶ» እያለች አስተዋወቀችኝ። ከወላይታ የመጡት የሱቅ ባለቤት አቮካዶ በከረጢት ሞልተው ሰጡኝና «ባል ማለት እንዲህ ነው! ሌላው ይደውላል፣ ይሄ መጣ!» አሉ። አከራይዋ ለእኔ ብለው ዶሮ አርደው ጠሩን። ማዕዱ ላይ «እንዲህ የሚያፈቅር ወንድ ዛሬ የለም» እያሉ አጎረሱኝ። ጽዮን ፈገግ እያለች ወጡን ወደኔ ገፋ ታደርጋለች። እያንዳንዱ ጉርሻ አንቆ ሊገድለኝ ደረሰ።

ከሰዓት ማንጎው ሥር ቁጭ ስንል ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገዛሁልሽ ጀምሮ።»

«ስላላመንከኝ?»

«ስለምወድሽ። ስለምቀና። አገሩ ሩቅ ነው፣ አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ እኔ ደግሞ... ቀናሁ፣ ጽዮን። በዛፉም በሰዉም እቀናለሁ። ደግሞ አንቺም አልነገርሽኝም! የስልክ ተራ አለን ብትይኝ ምን ነበር?»

«በስልክ ልንገርህ? ማን እንደሚሰማን በምን አውቄ? ስንት ሰው ነው ከሥራ የሚባረረው። ስትመጣ እነግርሃለሁ አልኩህ።» ስልኩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «እርሻውም ያየኛል። ግን ሲያየኝ ነግሮኝ፣ አስፈርሞኝ፣ ደሞዝ ከፍሎኝ ነው። ስልኬን ቅርጫት ውስጥ ጥዬ ስሄድ ከእርሻው ዓይን ወጣሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ አንተ አለህ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ፕሮግራሙን አሁኑኑ ላጥፋው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ስልኩን ወደ ራሷ ሰበሰበችው።

«ብታጠፋው ማጥፋትህን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማልቀስ ፈልጌ በአከራይዋ አፍሬ ተውኩት።

ሰኞ

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ማርቆስም ወደ እርሻው ከመሄዱ በፊት ብቅ ብሎ ኮረሪማና አንድ ቅል ማር አመጣልኝ። «ለመንገድ ነው ጋሼ፤ ሱሪዎትን እንዳይረሱ!» ብሎ ሳቀ። ደግ ልጅ ነው። ጽዮን ወደሱ ዞራ ስትስቅ አሁንም ቀናሁ፤ ምንም እንደሌለ አውቄ እንኳን ቀናሁ።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ጽዮን በመስኮት ሰማያዊዋን ስልክ አቀበለችኝ።

«ይዘሃት ሂድ» አለች።

«በምን ትሠሪያለሽ?»

«ማርቆስ አሮጌ ስልክ አለው፤ ሲሙን እዚያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለእርሻው ያ ይበቃዋል።»

«እኔስ?»

«እደውልልሃለሁ፣ ደሬ። መደወል ስፈልግ።» እጄን በመስኮቱ ይዛ ቆየች፤ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ነው የለቀቀችኝ።

ሚዛን ላይ ለእትዬ አስካለ ካልሲያቸውን ልመልስ ብሞክር አልቀበልም አሉ። አውቶቡሱ በመጣሁበት መንገድ ተመለሰ፤ ጭቃው ተጠርጎ፣ ዛፉ ሁሉ እንደነበረ። ጅማ አድሬ በማግስቱ ቀጠልኩ። ለሷ ስልክ ወልቂጤ ላይ አዲስ ሲም ገዛሁ። ለምን ብትሉኝ፣ እጄ ለምዶ ነው። ስልኬን አውጥቼ ካርታውን ከፈትኩ። ሰማያዊዋና ቀይዋ ነጥብ ተጣብቀው፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደርበው አብረው ይጓዛሉ። ያያቸው ሰው ምን ያሉ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ናቸው ይል ነበር። ጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አንዲት ሴትዮ «ሰው አለው?» ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኳቸው።

ከተመለስኩ ሰነባብቻለሁ። ጽዮን ትደውላለች፣ ባሻት ቀን። እንዴት ነሽ እላታለሁ፤ የት ነሽ ብዬ ግን አልጠይቃትም። ሥራ ላይም ሾፌር ሲቆም ቶሎ አልደውልም፤ አለቃዬ ይህን ገና አላወቀም። ስልኳ መኝታ ቤታችን ውስጥ በእሷ በኩል ባለው ኮመዲኖ ላይ ነው፣ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ማታ ማታ ካርታውን እከፍታለሁ። ጽዮን ቤት ናት ይላል።